በቀትር የሚርገበገብ ንባብ

ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ፣ በአስፋልቱ ጠርዝ የከፍታ ልኬት ስንወስድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ በሌቭሉ (በከፍታ ልዩነት መለኪያው መሣሪያ) መነጽር የሚታየው የስታፉ (ቁጥር የተጻፈበት የመለኪያ ዘንግ) አሃዝ ይርገበገብ ጀመር። ወጣቱ ባልደረባችን «ጋሼ፣ ይህ መሣሪያ ለካሊብሬሽን፣ ልክነቱ እንዲፈተሽና እንዲስተካከል፣ አዲስ አበባ ይላክ» ሲል አጥብቆ ተከራከረ። አንጋፋው ቀያሻችን ግን «መነጽሩን ሳትነካ ከታች ወደ ላይ እይ» አሉት። ስታፉ ራቅ ብሎ ስለቆመ አብዛኛው አካሉ በአንድ እይታ ይገባ ነበር፤ ወደ አስፋልቱ የቀረቡት ምልክቶች በወራጅ ውኃ ሥር እንዳለ ጠጠር ሲዋልሉ፣ የላይኞቹ ረጋ ብለው ይነበባሉ። ብልሽቱ የመሣሪያው ቢሆን ኖሮ ሁሉም እኩል በተንቀጠቀጡ ነበር።

ምክንያቱ አየሩ ነው። ፀሐይ ያጋለችው መሬት በላዩ ያለውን አየር ሲያሞቅ ሞቃቱና ቀዝቃዛው ይደባለቃል፤ የአየር ብርሃን የማጠፍ አቅም በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ይለወጣል፤ ትንሽ ቢመስልም ብርሃኑ በመንገዱ እጅግ ብዙ እንዲህ ያሉ የአየር ክፍሎችን ያቋርጣል። ተመራማሪዎች ይህንን ከምድር የሚለኩት በሁለት ጫፍ መካከል ብርሃን ልከው በተቀባዩ ላይ የሚታየውን ብልጭልጭታ በማስላት ነው፤ ከአየር ደግሞ በፊኛ ወይም በድሮን በተሰቀሉ እጅግ ቀጫጭን ሽቦዎች፣ በተራራቁ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት እየመዘገቡ ወደ ላይ ይወጣሉ። ስሌቱ የሚያርፈው የሩሲያው የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1941 ባቀረበው የንውጽውጽታ (የተዘበራረቀ ፍሰት) ንድፈ ሐሳብ ላይ ነው። አንጋፋው ያሳዩትም በመሠረቱ ያንኑ ነው፦ ከፍታ ሲጨምር ሁከቱ እንደሚቀንስ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የማይታየው ነው። መርገብገቡ በተደጋጋሚ ንባብ አማካይ ይለዝባል፤ የብርሃኑ ወደ አንድ ወገን መታጠፍ ግን አይለዝብም። በተለይ ከኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል ወደ ደሴ ሲወጣ፣ ወደ ዳገቱ የሚደረገው እይታ መሬቱን ታክኮ ስለሚያልፍ ስሕተቱ መሣሪያው በሚተከልበት በየጣቢያው በአንድ አቅጣጫ ይጠራቀማል።

ስለዚህ መሣሪያው አልተላከም። ንባቡ ፀሐይ ሳትበረታ ማለዳና ወደ ማታ፣ አየሩ በሚረጋበት ሰዓት እንዲሆን፣ የእይታው ርቀት እንዲያጥር፣ ከስታፉ የታችኛው ግማሽ ሜትር ምንም እንዳይነበብ ተወሰነ፤ በመዝገቡም ከአሃዙ ጎን ሰዓቱና የደመናው ሁኔታ ይጻፋል።