ስንት ሲኒ ላምጣ?

ልጄ ዘንድሮ የምትማረው ቤት ነው። 5ኛ ክፍል ናት። አስም አለባት። ባለፈው ክረምት ሦስት ሌሊት ድንገተኛ ክፍል አድረናል። ጅማ እንደምታውቋት ናት፤ ዝናቡ አንዴ ከያዘ መልቀቂያ የለውም፣ እርጥበቱም ለደረቷ አልስማማ አለ። ከባለቤቴ ጋር ብዙ ተማክረን ነው የወሰንነው። ትምህርት ቤቷም ተባበረን፤ ምዝገባዋ እንዳለ ሆኖ ለፈተና ብቻ ትሄዳለች።

አማርኛውንና ሳይንሱን እኔ አስተምራታለሁ። ደስ ብሎን ነው የምንውለው። ሒሳብ ላይ ስንደርስ ግን ቤቱ ይቀዘቅዛል። የክፍልፋይ ድምርን እኔ የተማርኩት በቃል ነው፤ ታሕቱን አመሳስል፣ ላዕሉን ደምር። ያንኑ ነገርኳት። ሰኞ ትችለዋለች፣ ሐሙስ ጠፍቷታል። "ትናንት ነግሬሽ የለም ወይ!" እያልኩ ድምፄን ከፍ ያደረግኩባቸው ቀናት አሉ። አንድ ቀን እርሳሷን አስቀመጠችና "እማ፣ ሒሳብ ለኔ አይሆንልኝም" አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 6ኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና አለ። የበለጠ ያመመኝ ግን ፈተናው አይደለም። ገና 10 ዓመቷ ነው። በ10 ዓመቷ ስለ ራሷ እንዲህ ብላ እንድትዘጋው አልፈልግም።

የመጀመሪያው አስጠኚዋ የግቢ ተማሪ ነበር። ጨዋና ጎበዝ ልጅ። ሁለት ሳምንት በደንብ ሄደ። ከዚያ የራሱ ፈተና ደረሰ። ሲመለስ ጉንፋን ይዞት ነበርና ልጄም ታመመች። አልፈርድበትም። ግን ልጄን ቤት ያስቀመጥኳት ከጉንፋን ላርቃት ነው። በኦንላይን መፈለግ እንዳለብኝ የገባኝ ያኔ ነው።

ቴሌግራም ላይ የአስጠኚ ማስታወቂያ ሞልቷል። ከኬጂ እስከ 12ኛ ክፍል፣ ሁሉም ትምህርት። እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው ዲግሪና የሥራ ልምድ ነበር። ሁለተኛውን ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው፤ አዲስ አበባ የሚኖር ኢንጂነር። ሒሳብ እንደ ውሃ ነው የሚፈስለት። ነገር ግን የሚሠራው እሱ ነው። ይጽፋል፣ ያሰላል፣ "ገባሽ?" ይላል። "አዎ ቲቸር" ትላለች። ጥሪው ሲያልቅ ደብተሯን ገለጥኩት። ባዶ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአፏ የወጣው "አዎ" ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዬን ቀየርኩ። ስደውል አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። "አንዲት ልጅ 1/3 ሲደመር 1/4 ስንት ነው ስትባል 2/7 ብትል ምን ይሏታል?" መልሱ የልጄ ነው። ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ጋር ደምራ ነው ያመጣችው። አብዛኞቹ "ስህተት ነው፣ መጀመሪያ ታሕቱን ታመሳስል" አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔም ስነግራት የከረምኩት እሱኑ ነው። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ግን ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "እንዴት እንዳገኘችው ጠይቀሻታል፣ ልጄ?" አሉኝ።

አልጠየቅኳትም ነበር።

እኚህ መምህርት የሚኖሩት ደብረ ማርቆስ ነው። የሥራ ባልደረባዬ አክስት ናቸው። "የመጀመሪያው ቀን ክፍያ የለውም፣ እንተያይ" አሉ። ቪዲዮው እንደተከፈተ ያዘዙኝ ስልኩ ደብተሯን እንዲያሳይ ነው። "ፊቷን አየሁት፣ ቆንጆ ናት። አሁን እጇን ልይ።" ስልኩን መጻሕፍት ላይ አስደግፌ ወደ ታች አዘነበልኩት።

"የኔ እናት፣ ሩብ ኪሎ ስኳር ገዝተሽ ታውቂያለሽ?"

"አዎ ቲቸር።"

"ኪሎው ለስንት ሲከፈል ነው ሩብ የሚሆነው?"

"ለአራት።"

"ሲሶስ?"

ሲሶንም ታውቀዋለች። አያቷ አጋሮ ቡና አላቸው። ማሳውን ለሚይዝላቸው ሰው ሲሶውን ነው የሚሰጡት፤ ሲያወሩ ሰምታለች። "ለሦስት ተከፍሎ አንዱ" አለች።

"ጎበዝ። እስቲ ሲሶ ላይ ሩብ ጨምሪልኝ።"

"2/7።"

እንዴት እንዳገኘችው ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ስህተት ነው አላሏትም። "ረከቦት አላችሁ አይደል? ሲኒ አምጪ" አሏት።

"ስንት ሲኒ ላምጣ?"

"እሱን አንቺ አስቢው። ሲሶውንም ሩቡንም የምናነሳበት ይሁን።"

ስድስት አመጣች። ሲሶውን ለየች፤ ሁለት ሲኒ። ሩቡ ላይ ቆመች። ሲኒዎቹን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ታደርጋቸዋለች። መምህርቷ ምንም አይሉም። እኔ ከኋላዋ ቆሜ "አሥራ ሁለት" የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሷል። ዝምታው ሲረዝም ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁ። እሳቸው አሉ። አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው እየጠበቁ ነው።

"አይሆንም፣ አንዱ ሲኒ ሊሰበር ነው" አለች ልጄ። ሄዳ ሁለት ጨመረች። ስምንቱ ለሩብ እሺ አለ፣ ለሲሶ እምቢ። ከዚያ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። "በሦስትም፣ በአራትም... አሥራ ሁለት!" ብላ ጮኸች። እየሮጠች አራቱን አመጣች።

አራት ሲኒ ለሲሶ። ሦስት ሲኒ ለሩብ። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ።

"ቅድም ያልሽኝ ደግሞ ከሰባት ሁለቱን ነው" አሏት። "ሰባት ሲኒ ቢኖረን ሲሶው ሁለት ይሞላል ወይስ ያልፋል?" ልጄ አሰበች። "ትንሽ ያልፋል።" "ታዲያ ሲሶ ላይ ሩብ ጨምረን ከሲሶው አነሰ?" ልጄ ሳቀች። የሒሳብ ደብተር ፊቷ ተዘርግቶ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ ነው!

"ትንሹ የጋራ ብዜት" የሚባለውን የነገሯት ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ነገሩን በእጇ ይዛው ስለነበር ስሙ አልከበዳትም። እኔ ግን ስሙን አስቀድሜ ስጭንባት ከርሜያለሁ። ሲሶን ከአያቷ፣ ሩብን ከሱቅ ይዛ መጥታ ነበር፤ 1/3 እና 1/4 እነሱው መሆናቸውን የነገራት ሰው አልነበረም። ይሄ አሁንም ይቆጨኛል።

ይኸው ሁለት ወር ሆናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ 45 ደቂቃ። መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ አድርገነው ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን አንድም ቃል አይሰማም። አሁን ጠዋት 3 ሰዓት ነው። እንደኛ ልጁን ቤት የሚያስተምር ሰው ካለ ይህችን ልብ ይበል፦ ሌሎቹ ልጆች ትምህርት ቤት ስለሆኑ ጠዋት አስጠኚ እንደልብ ይገኛል፣ የልጅ አእምሮም ትኩስ ነው። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ አብሮ ስለሚሄድ ለዚያ ቀን የሚሆን ዳታ አስቀምጣለሁ። ክፍያውን በየወሩ በቴሌብር እልካለሁ። ትምህርቱ በእኔ ስልክ፣ በእኔ አካውንት ነው፣ እኔም እዚያው ክፍል ነኝ። መምህርቷን አምናቸዋለሁ፤ ቢሆንም ማንም ይሁን ማን ልጄን ስክሪን ፊት ለብቻዋ ትቼ አልሄድም።

ባለፈው እሑድ አጋሮ ደወለች። "አባባ፣ ሦስት ፈረሱላ ቡና ቢኖርዎት ሲሶው ስንት ነው?" "አንድ ፈረሱላ ነዋ!" አሏት። "በኪሎስ?" "17።" "ሩቡስ?" አያቷ ዝም አሉ። ደብተሯ ላይ 51ን ለ4 አካፍላ ጨርሳ ነው የደወለችው። "12 ኪሎ ከ750 ግራም!" "በይ በሚቀጥለው ለቀማ ሚዛኑ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ" አሏት። እስከ ማታ ስታወራው ዋለች።

ነገ አስርዮሽ ይጀምራሉ። ቲቸር "ሳንቲም አዘጋጂ" ብለዋታል። አንድ ብር፣ ሃምሳ ሳንቲም፣ ስሙኒ፣ አሥር ሳንቲም። ብሩ ቀላል ነበር። ስሙኒ ግን ከሱቅ ከጠፋ ቆይቷል። ባለሱቁን ጠየቅን፣ ጎረቤት ጠየቅን። የመርፌና የክር ቆርቆሮዬን ገልብጠን አንድ አገኘን። አራት ነው የሚያስፈልጋት። አሁን አባቷ አልጋ ሥር ባትሪ ይዞ እየፈለገላት ነው።