በቱቦ የሚዘፍነው ሮጀር

የቱፓክን «ካሊፎርኒያ ላቭ» ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አዝማቹን የሚዘፍነው ድምፅ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው «ኮምፒውተር ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ያ ድምፅ ከሰው አፍ የወጣ ነው። ሰውየው ሮጀር ትራውትማን ይባላል።

ሮጀር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፣ ኦሃዮ ግዛት ሃሚልተን ከተማ። ከወንድሞቹ ከላሪ፣ ከሌስተርና ከቴሪ ጋር ሆኖ ዛፕ የተባለውን ባንድ አቋቋመ። አካባቢው የፈንክ፣ ማለትም ምቱ የሚያስጨፍር የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ፣ አገር ነው፤ ኦሃዮ ፕሌየርስና ሌክሳይድ የተባሉት ባንዶች የወጡባት የዴይተን ከተማ እዚያው አጠገብ ናት። በ1980 በታዋቂው የፈንክ ቤዝ ጊታር ተጫዋች በቡትሲ ኮሊንስ እገዛ የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። «ሞር ባውንስ ቱ ዘ አውንስ» የሚለው ዘፈን የአር ኤንድ ቢ ዘፈኖች የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ሁለተኛ ሆነ።

ወደ ቱቦው ልምጣ። መሣሪያው ቶክ ቦክስ ይባላል። የኪቦርዱ ድምፅ ሳጥን ውስጥ ወዳለች ትንሽ ስፒከር ይሄዳል፣ ስፒከሯ ላይ የፕላስቲክ ቱቦ ተገጥሟል፣ የቱቦውን ጫፍ ዘፋኙ አፉ ውስጥ ይይዘዋል። ጉሮሮው ዝም ነው። ዜማው በቱቦው አፉ ውስጥ ይገባል፣ እሱ ደግሞ በምላሱ፣ በከንፈሩና በመንጋጋው ቃል ያደርገዋል፣ ማይክራፎኑ ያንን ይቀዳል። እስቲ ድምፅ ሳታወጡ «ኣ» ከዚያ «ኡ» በሉ፤ የአፋችሁ ቅርፅ ሲቀያየር ታዩታላችሁ፣ ሥራው ሁሉ እሱ ነው። ከአውቶ ቱን ጋር አታምታቱት፤ አውቶ ቱን በ1997 የመጣ ሶፍትዌር ነው፣ የተዘፈነውን ድምፅ ተቀብሎ ያስተካክላል። ሮጀር ግን ቱቦ ይዞ ቃሉን ጥርት አድርጎ ማውጣት ነበረበት፣ ያውም ጣቶቹ ዜማውን እየተጫወቱ!

ቶክ ቦክስን የጀመረው እሱ አይደለም። ስቲቪ ወንደርም ፒተር ፍራምፕተንም ተጠቅመውበታል። እነሱ ግን እንደ ቅመም ጣል ነው ያደረጉት፣ ሮጀር ሙሉ ዘፋኝ አደረገው። በ1985 የወጣውን «ኮምፒውተር ላቭ» ስሙት። በኮምፒውተር ፍቅረኛ ስለሚፈልግ ሰው ነው፣ ያኔ ይሄ ለብዙ ሰው ቅዠት ነበር። ሽርሊ መርዶክና ቻርሊ ዊልሰን በተፈጥሮ ድምፃቸው አብረውት ይዘፍናሉ፤ ለእኔ ግን አንጀቴን የሚበላው የቱቦው ድምፅ ነው። በ1987 ደግሞ «አይ ዋንት ቱ ቢ ዩር ማን»ን አወጣ፤ ዘፈኑ በአር ኤንድ ቢ አንደኛ፣ በአጠቃላዩ የአሜሪካ ሰንጠረዥ ሦስተኛ ሆነ።

ሚያዝያ መጨረሻ 1999 ዴይተን ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ገና 47 ዓመቱ ነበር። ፖሊስ እንዳለው የገደለው ታላቅ ወንድሙ ላሪ ነው፤ ላሪም ራሱን አጠፋ። አብረው ያደጉ፣ አብረው ባንድ ያቆሙ ወንድማማቾች። ስለ ምክንያቱ ብዙ ተወርቷል፣ እኔ ግን በሰው ቤት ሐዘን ላይ ግምት መጨመር አልፈልግም።

ሥራው ግን አልቆመም። የራፕ ቡድኑ ኢፒኤምዲ በ1988፣ በኋላም ራፐሩ ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. «ሞር ባውንስ»ን ወስደው ራፕ ሠርተውበታል። የካሊፎርኒያ ራፐሮችማ ያለ ሮጀር አይታሰቡም። ብሩኖ ማርስ በ2016 ባወጣው «24 ካራት ማጂክ» መግቢያ ላይ የምትሰሙት ድምፅም የቶክ ቦክስ ነው። ለሮጀር አዲስ ከሆናችሁ ከ«ኮምፒውተር ላቭ» ረጅሙ ቅጂ ጀምሩ፣ በስልክ ስፒከር ሳይሆን በደህና ማዳመጫ።