ጋሼን ዛሬ ሸኘናቸው

ዛሬ ደሴ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ቀበርን። የቀድሞው አየር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። አብራሪ አልነበሩም፤ ደብረ ዘይት (የዛሬዋ ቢሾፍቱ) ኤፍ-5 ተዋጊ ጄቶችን ሲጠግኑ የኖሩ ቴክኒሻን ናቸው። በ1969 እና 70ው የሶማሊያ ወረራ እነዚያ ኤፍ-5ዎች የጠላት ሚግ ጄቶችን ከሰማይ ሲጥሉ ስሙ ለአብራሪዎቹ ሆነ። ይገባቸዋል። ግን ሌሊቱን ሞተር ሥር ያደረው ማን ነው?

ጓዶቻቸው ከኮምቦልቻም ከቢሾፍቱም መጥተው ነበር። አብዛኞቹ ከዘራ ይዘዋል። አስከሬኑ ሲነሳ አንዱ ሽማግሌ ቀጥ ብለው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ሼሁም ቄሱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የወሎ ወግ ነው። አንድ የቀድሞ አብራሪ "እሱ አይቶ የፈረመበትን አውሮፕላን ዓይኔን ሳላሽ ነበር ይዤ የምነሳው" አሉ። ከዚህ በላይ ምን ምስክርነት አለ!

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጃቸውን ነው ደሴ የገቡት። ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ እየጠገኑ ልጆች አሳደጉ። ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም።

ነፍስ ይማር ጋሼ። ጓዶቻቸው እስከ ሠልስት እዚሁ ናቸው። ደሴ ያላችሁ፣ ጎራ ብላችሁ አጽናኗቸው።