የመዳቡ ጥቅልል

ብዙ ሰው ወደ ዮርዳኖስ የሚሄደው ፔትራን ለማየት ነው፤ እኔን ግን ወደዚያ የወሰደኝ በአማን ከተማ፣ ራስ አል ዐይን በተባለው ሰፈር በሚገኘው የዮርዳኖስ ሙዚየም የተቀመጠ አንድ የሀብት ዝርዝር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ከሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን 3ኛ ዋሻ የተገኘው ይህ ሰነድ፣ እንደ ሌሎቹ የቁምራን ጽሑፎች በብራና ወይም በፓፒረስ ሳይሆን በስስ መዳብ ላይ የተጻፈ ነው። መዳቡ በዘመን ብዛት ተበልቶ ስለነበር ሊተረተር አልቻለም፤ በመጨረሻ በ1955 እና በ1956 በማንቸስተር ፕሮፌሰር ራይት ቤከር በትንሽ ክብ መጋዝ 23 ቦታ ቆራረጡት።

ቁራጮቹ ለሁለት እንደተሰነጠቀ ቀርከሃ ጎድጉደው ተደርድረዋል። ጎንበስ ብዬ ስመለከት የዕብራይስጡ ፊደላት በብዕር ሳይሆን በምት የተቀረጹ መሆናቸው በግልጽ ይታያል። ምቱ ከመዳቡ ጀርባ ተገልብጦ ስለወጣ፣ ጀርመናዊው ምሁር ካርል ጌዎርግ ኩን ጥቅልሉ ገና ሳይከፈት፣ በ1953፣ የተደበቀ ሀብት መዝገብ ሳይሆን እንዳልቀረ ከውጭ አንብበው ገምተዋል።

ግምታቸው ትክክል ነበር። ዝርዝሩ በተለመደው አቆጣጠር 64 ስፍራዎችን ይጠቅሳል። የመጀመሪያው በአኮር ሸለቆ ባለው ፍርስራሽ፣ ወደ ምሥራቅ ከሚያመራው ደረጃ ሥር 40 ክንድ ላይ፣ 17 መክሊት የሚመዝን የብር ሣጥን ከነዕቃው መኖሩን ይናገራል። ጸሎት የለበትም፣ የባለቤት ስም አልተጻፈበትም፤ ልክ እንደ ግምጃ ቤት መዝገብ ስፍራ፣ ጥልቀትና ክብደት ብቻ ይከታተላሉ። ሰነዱን በይፋ ያሳተሙት ዮዜፍ ሚሊክ ሀብቱን አፈ ታሪክ ነው ብለውታል፤ እኔ ግን ተረት የሚያወራ ሰው ክንድ እየቆጠረ አድማጩን ያሰለቻል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

በማግስቱ ከሙት ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ሆኜ ማዶ ያለውን የገደል ሰንሰለት ሳይ የፈላጊዎቹ ድካም ይበልጥ ገባኝ። ጸሐፊው «ፍርስራሹ»፣ «ደረጃው» ሲል የሚያነጋግረው አገሩን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ለእኛ ግን በዚያ በረሃ ፍርስራሽ ስንት ነው! እንግሊዛዊው ጆን አሌግሮ ዝርዝሩን ይዘው ቢያስቆፍሩም አንድም መክሊት አላገኙም።

እኔን ከወርቁና ከብሩ ይልቅ የሚያጓጓኝ የመጨረሻው መስመር ነው። የዚሁ ሰነድ ሌላ ቅጂ፣ ከነማብራሪያውና ከነልኬቱ፣ ከኮሕሊት በስተሰሜን ባለ ጉድጓድ ተቀብሯል ይላል። ኮሕሊት የት እንደነበረች ምሁራን እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ቅጂውም አልተገኘም።