ድራይቨሩ አዲስ፣ ሀቡ ግን የትናንቱ

ለራሴ መማሪያ በምጽፋት ትንሽ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ላይ የዩኤስቢ ሀብ (አንዱን መሰኪያ ወደ ብዙ የሚያበዛ ዕቃ) ድራይቨር (ዕቃውን የሚያዝ ፕሮግራም) ጨርሼ ደስ ብሎኝ ነበር። ፍላሽ ስሰካ ያያል፣ ስነቅል ያውቃል። ድራይቨሩን አውጥቼ መልሼ ስጭነው ግን ፍላሹ የለም። መብራቱ በርቷል፣ ሎጉ (የከርነሉ መዝገብ) ጭጭ።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። ሌላ ፍላሽ በጎኑ ስሰካ አድራሻ እስኪቀበል ደህና ነው፤ ከዚያ የሚመልሰው ሁሉ ዝብርቅርቅ። ሁለት ምሽት ኬብል ስቀያይር አመሸሁ። ኬብል መጠርጠር የማይለቅ በሽታ ነው መሰለኝ።

በመጨረሻ የፖርቶቹን (የመሰኪያዎቹን) ሁኔታ ሀቡን ራሱን ጠየቅኩት። መልሱ አራት ባይት ነው፤ ሁለቱ አሁን ያለውን፣ ሁለቱ የተለወጠውን ይናገራሉ። የመጀመሪያው ፍላሽ ያለበት ፖርት፦ ተሰክቷል፣ ነቅቷል (መረጃ እንዲያስተላልፍ ተፈቅዶለታል)፣ ኃይል አለው፣ ሃይ ስፒድ ነው። ለውጥ፦ ዜሮ።

እዚህ ላይ ገባኝ። ድራይቨሬ የሚጠብቀው የለውጥ ቢት (አንድ ነገር ሲለወጥ ሀቡ የሚያበራው ምልክት) ነው። እሱን ደግሞ የቀድሞው ድራይቨር አጥፍቶት ሄዷል። ሀቡ ድራይቨር መቀየሩን ከየት ይወቅ? ፍላሹም አድራሻ 3ን እንደያዘ ነው። ከርነሌ ግን 3ን ባዶ ነው ብሎ ለአዲሱ ሰጥቶታል። «ሦስት» ሲባል ሁለቱም አቤት ይላሉ።

መጀመሪያ የፖርቱን ኃይል ላጥፋ አልኩ። ትእዛዙ አለፈ፣ የፍላሹ መብራት ግን ንቅንቅ አላለም፤ ርካሽ ሀብ ላይ ማጥፊያው ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ አሁን ድራይቨሩ ሲነሳ ነቅቶ ያገኘሁትን ፖርት ሁሉ አሰናክላለሁ። የተሰካ ካለ ገና አሁን እንደተሰካ እቆጥረዋለሁ፦ ለ100 ሚሊሰከንድ ሳይቆራረጥ መቆየቱን አይቼ ሪሴት (እንደ አዲስ ማስጀመር)። ያኔ ገና አድራሻ ያልተሰጠው መሣሪያ ወደሚጠቀምበት አድራሻ 0 ይመለሳል። የሊኑክስ ከርነልም ዩኤስቢ 3 ያልሆነ ሀብ ሲያስነሳ ነቅቶ ያገኘውን ፖርት ያሰናክላል። ቀድሜ ኮዱን ባነበው ሁለት ምሽት በዳንኩ።

አንድ ስህተት ደግሞ የራሴ ነበር። ሁኔታውን አንብቤ፣ ከዚያ የለውጥ ቢቶቹን በጅምላ አጥፍቼ፣ በድሮው ንባብ እሠራ ነበር። በመሀል ፍላሽ ከተነቀለ ወሬውን ራሴ ደመሰስኩት ማለት ነው። አሁን ያየሁትን ቢት ብቻ አጠፋለሁ፤ ከዚያ ሁኔታውን እንደገና አነባለሁ።

ትናንት ድራይቨሩን 50 ጊዜ አወጣሁ፣ ጫንኩ፤ በመሀል ፍላሽ እየነቀልኩ። 31ኛው ላይ አንዴ ቆመ። ያን ጊዜ ግን እውነትም ኬብሉ ነበር።