«አንተ» ወይስ «እርስዎ»፦ የአግሬትሱኮን የመጨረሻ ምዕራፍ ለእናቴ ስተረጉም

ሥራ በለቀቅኩ በሦስተኛው ወር እናቴ ከኋላዬ ቆማ ኮምፒውተሬን ስታይ ቆየችና «ይቺ ቀይ እንስሳ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትጮኸው?» አለችኝ። ሬትሱኮን ነው። ባጭሩ ልነግራት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ጃፓንኛውን እኔም የማውቀው ለዓመታት ከማየት የለቃቀምኩትን ያህል ብቻ ነው። የዚያን ሌሊት የመጨረሻውን ምዕራፍ አሥሩን ክፍሎች ወደ አማርኛ ልመልስላት ወሰንኩ። ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ።

ላላዩት፦ አግሬትሱኮ ተከታታይ የካርቱን ፊልም ነው፣ የሳንሪዮ ሥራ፤ ሄሎ ኪቲን ያመጣው የጃፓን ኩባንያ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቴሌቪዥን አንድ አንድ ደቂቃ በሚሆኑ አጫጭር ክፍሎች ጀመረ። ከ2018 ወዲህ በራሬቾ አዘጋጅነት ኔትፍሊክስ ላይ ቀጠለና በፌብሩዋሪ 2023 በአምስተኛው ምዕራፍ ተቋጨ። ሬትሱኮ ታሪኩ ሲጀምር 25 ዓመቷ ነው፤ በአንድ የንግድ ኩባንያ ሂሳብ ክፍል የምትሠራ ቀይ ፓንዳ። ቀን የታዘዘችውን ሁሉ በትሕትና ትሠራለች፣ ማታ ካራኦኬ ቤት ገብታ ንዴቷን በዴዝ ሜታል፣ በጩኸት በሚዘፈን ከባድ የሮክ ሙዚቃ፣ ትጮኸዋለች። በጃፓንኛው ያንን ጩኸት የሚያወጣው ራሱ ራሬቾ ነው።

ከአምስቱ የመጨረሻውን የመረጥኩት በሃይዳ ምክንያት ነው። ሃይዳ የሬትሱኮ የሥራ ባልደረባ ነበር፣ ለረጅም ጊዜም ወዷታል። በአራተኛው ምዕራፍ አዲሱ የኩባንያው ኃላፊ ሂሙሮ ሂሳብ እንዲያዛባ ያደርገዋል፤ ነገሩ ሲፈርስ ሃይዳ ሥራውን ይለቃል። የመጨረሻው ምዕራፍ ሲጀምር ቤት ተቀምጦ ጌም የሚጫወት ሥራ አጥ ነው። እናቴ ሥራ መልቀቄን ታውቃለች። ለምን እንደለቀቅኩ ግን አውርተን አናውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ክፍል ከእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ በቀጥታ ተረጎምኩት። ቃላቱ ልክ ነበሩ፣ ንግግሩ ግን የማንም አልነበረም። እንግሊዝኛው ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ተውላጠ ስም ነው ያለው። አማርኛ ደግሞ አንድ ሰው አፉን በከፈተ ቅጽበት ማንን እያነጋገረ እንደሆነ፣ እንደሚያከብረው ወይም እንደሚንቀው እንድትወስን ያስገድድሃል። እንግሊዝኛው ያንን ደብቆብኛል፤ ጃፓንኛው ግን አልደበቀም፣ ግሡ መጨረሻ ላይ በግልጽ ይሰማል። ስለዚህ ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ ሥራዬን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ክፍሉን ጽሑፉን አጥፍቼ በጆሮዬ ብቻ እሰማና በወረቀት ላይ ማን ማንን በአክብሮት እንደሚያናግር፣ ማን እንደማያናግር እጽፋለሁ። ትርጉሙን የምጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ መንገድ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ የንዴት ዘፈኖቹ ላይ ነው። አለቃዋ ቶን አሳማ ነው፤ ሬትሱኮ ፊት ለፊት ስታናግረው «እርስዎ» ትለዋለች። ካራኦኬ ቤት ገብታ ስትጮኽ መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ስድብ ቃል በቃል ልመልስ ሞከርኩ፣ ስክሪኑ ላይ ሞቶ ተቀመጠ። በአማርኛ ስድቡ እኮ ከቃሉ በፊት ነው የሚጀምረው። ቀኑን ሙሉ «እርስዎ» ያለችውን ሰው ማታ «አንተ» ካለችው በኋላ ሌላ ብዙ መጨመር አያስፈልግም። የዘፈኖቹን መሥመሮች በግማሽ አሳጠርኳቸው፤ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አፏ ላይ ጭና የሳቀችው እዚያ ጋ ነው።

ሌላው ያስደሰተኝ የቃላት አሰላለፍ ነው። በጃፓንኛም በአማርኛም ግሥ ከመጨረሻ ይመጣል። አንድ ሰው ሰበብ እየደረደረ፣ ነገሩን እያዞረ ቆይቶ በመጨረሻዋ ቃል «አልችልም» ካለ፣ በእንግሊዝኛው «አልችልም» የሚለው ከመነሻው ተዘርግፎ የተናጋሪው ፊት ገና ሳይለወጥ አንባቢው ያውቀዋል። በአማርኛ ያቺን ቃል ልክ እሱ በሚላት ሰዓት ማውጣት ቻልኩ። የሚያራርቃቸው መሃል ላይ የገባው እንግሊዝኛ ነው እንጂ በዚህ በኩል ሁለቱ ቋንቋዎች እርስ በርስ ብዙም አይራራቁም።

የገጸ ባሕርያቱን ስሞች አልነካኋቸውም። ሃይዳ የሚለው ስም ከጅብ የመጣ ነው፣ ፌኔኮ ከፌኔክ ቀበሮ፣ ጎሪ ከጎሪላ፤ ዋሺሚ ደግሞ ጸሐፊ ወፍ ስትሆን ሥራዋም ጸሐፊነት ነበር። ሃይዳን ግን አንድም ቦታ «ጅብ» ብዬ አልጻፍኩትም። በእኛ ቋንቋ ጅብ ሆዳም ነው፣ ሌሊት የሚፈራ ነው፤ ይሄ ደግሞ ዓይን አፋር፣ ተሸናፊ፣ ሲያፈቅር ቃል የሚጠፋው ልጅ ነው። ሥዕሉ ይበቃል ብዬ ተውኩት። እናቴ በሦስተኛው ክፍል «ጅብ ነው እንዴ? ምስኪን» አለች፤ ያ ቅደም ተከተል ትክክል መሰለኝ።

ትልቁን ስህተቴን ያገኘሁትም በሃይዳ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ስታይ እናቴ «ይሄስ ሰነፍ ነው» አለች። ተከፋሁ፣ በእሷ ሳይሆን በራሴ ሥራ። ተመልሼ ሳነበው የሃይዳን ንግግር በሙሉ በዛለ፣ በግድየለሽ አማርኛ ነበር የጻፍኩት። «ምን አገባህ»፣ «ተወኝ»፣ «ይሁና»። በድምፁ ውስጥ ያለው ግን እፍረት ነው። የሚያፍር ሰው ደግሞ አያሳጥርም፣ ያብራራል፤ ዓረፍተ ነገሩን ጀምሮ ይተወዋል፣ ሳይጠየቅ ይቅርታ ይላል። ሁለቱን ክፍሎች እንደገና ጻፍኳቸውና እንደገና አሳየኋት። ያኔ ዝም ብላ አየች።

ሃይዳ ከሚኖርበት ቤት ወጥቶ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ማደር ሲጀምር ግን ትርጉም ብቻውን አልበቃም። እናቴ እንዴት ሰው እዚያ ይተኛል አለች። ነገሩ በጃፓን እውነት ነው፤ ሌሊቱን በሙሉ ክፍት የሆኑ፣ ጠባብ ክፍልፋይና የሚዘረጋ ወንበር ያላቸው፣ አንዳንዶቹም ሻወር ያላቸው ካፌዎች አሉ። የቤት ኪራይ መክፈል ያልቻለ ሰው ሌሊቱን ብቻ ይከፍላል። «የኢንተርኔት ካፌ ስደተኞች» የሚል መጠሪያ ወጥቶላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የጃፓን ጤና፣ ሥራና ደኅንነት ሚኒስቴር ቁጥራቸውን 5,400 ገደማ ገምቶ ነበር፤ በ2018 የቶኪዮ አስተዳደር ባወጣው ጥናት በቶኪዮ ብቻ 4,000 ገደማ ተባለ። ሃይዳ እዚያ የሚያገኛት ልጅ ሺካባኔ ትባላለች፣ ሬሳ ማለት ነው። ስሙን ልተረጉመው ብዬ ነበር፤ ከዚያ በመጀመሪያ ስትታይ አንድ ጊዜ ብቻ ትርጉሙን ጽፌ ስሟን እንዳለ ተውኩት። በየመሥመሩ «ሬሳ» እያሉ ወጣት ልጅ መጥራት አልቻልኩም።

ስለ ሁለተኛው አጋማሽ እውነቱን ልናገር፦ ሬትሱኮ ፖለቲካ ውስጥ ገብታ ለምርጫ ስትወዳደር ታሪኩ ይሮጣል፤ ከኢንተርኔት ካፌው ጋር ሲተያይ ይሳሳል። ቢሆንም የሃይዳ አባት ፖለቲከኛ መሆናቸው፣ ታናሽ ወንድሙ ጂሮም በዚያው መንገድ መሄዱ ያለ ምክንያት አልገባም። ጃፓኖች ለመመረጥ ሦስት «ባን» ያስፈልጋል ይላሉ፦ ጂባን፣ የራስ የሆነ የመራጭ መሠረት፤ ካንባን፣ የሚታወቅ ስም፤ ካባን፣ ገንዘብ የያዘ ቦርሳ። ሦስቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። ለታችኛው ምክር ቤት በአንድ ወረዳ ለመወዳደር 3 ሚሊዮን የን ማስያዝ ግዴታ ነው፤ በቂ ድምፅ ያላገኘ ሰው ገንዘቡን አያገኘውም። ይህን ለእናቴ ክፍሉ ከመጀመሩ በፊት በቃል ነገርኳት። ማብራሪያ በግርጌ ጽሑፍ ውስጥ ማስገባት ሞክሬ ነበር፣ ዓይኗ ከሥዕሉ ላይ ጠፋ።

ጂሮን ስጽፍ ሃይዳን «ጋሼ» አስብዬው ነበር። ድምፁን ደጋግሜ ሰማሁና አወጣሁት። እናቴ ያወጣሁትን አየችው፦ «ወንድሙን ጋሼ አይለውም?» አለች። «አይለውም» አልኳት።

የቴክኒኩ ጉዳይ ቀላል ነው። ፋይሉ ኤስአርቲ ነው፤ ተራ ቁጥር፣ መነሻና መድረሻ ሰዓት፣ ጽሑፍ። ኮምፒውተር የአማርኛን ፊደል በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለ ስልት ካልተቀመጠ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ክፍል እንደዚያ ሆኖብኝ ደንግጫለሁ። ለእንግሊዝኛ በአንድ መሥመር 42 ሆሄ የተለመደ ጣሪያ ነው፤ አማርኛ ግን አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ስለሚይዝ ያ ቁጥር ይበዛል። እናቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታነበው። እኔ ስክሪኑን ትቼ ከንፈሯን አያለሁ፤ ጽሑፉ ጠፍቶ ከንፈሯ ገና ከተንቀሳቀሰ ሰዓቱን እመዘግብና ሌሊት አሳጥረዋለሁ። 28 ፊደል ገደማ ላይ ረጋሁ።

በስድስተኛው ሳምንት፣ አንዱ ክፍል አልቆ ሙዚቃው እየሄደ፣ ወደ እኔ ሳትዞር «አንተም እንደዚህ ነበርክ?» አለችኝ። ፋይሉን ዘጋሁት። የዚያን ማታ ለምን ሥራ እንደለቀቅኩ ከመጀመሪያው ነገርኳት። ሃይዳን እንደጻፍኩት ነው የተናገርኩት፤ እየጀመርኩ፣ እየተውኩ። እሷም አልቸኮለችም።

አሥረኛውን ክፍል ካየን በኋላ የሬትሱኮ እናት የት እንዳለች ጠየቀችኝ። በሁለተኛው ምዕራፍ ትመጣለች፣ ልጇን ልትድር ባል ታመጣለች አልኳት። «እሷንማ ማየት አለብኝ» አለች። አሁን ከሁለተኛው ምዕራፍ ሦስተኛው ክፍል ላይ ደርሻለሁ፤ እናትየዋ ልጇን ስታናግር የትኛውን «አንቺ» እንደምሰጣት ገና እየሰማሁ ነው።