ባሩድ እስክጨርስ

ጓደኛዬ የተተኮሰ የሽጉጥ ቀለሃ ቤቱ ውስጥ መልሶ ይሞላል። ዛሬ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ወሬ ስጀምር «ባሩድ እስክጨርስ ዝም በልልኝ» አለኝ። ስልኩንም ሌላ ክፍል ትቶታል።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ቀለሃውን አጽድቶ ወደ ልኩ መመለስ፣ ቂጡ ላይ አዲስ ማቀጣጠያ መግጠም፣ ባሩድ ጨምሮ ሲተኮስ የሚወነጨፈውን እርሳስ አፉ ላይ መጫን። ባሩዱ ግን የሚለካው በግሬን ነው፤ አንድ ግሬን 0.065 ግራም ገደማ! የሽጉጥ ባሩድ ትንሽ ቦታ ስለሚይዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ በስህተት እጥፍ ቢጨመርም ቀለሃው ችሎ ይይዘዋል፤ አይፈስም፣ አያስታውቅም። ሽጉጥ እጅ ላይ የሚያፈነዳው እንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ እርሳሱን ከመጫኑ በፊት ባትሪ አብርቶ ቀለሃዎቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አያቸው። አንዷ ላይ ቆመ። ለእኔ ዓይን ከጎረቤቷ በምንም አትለይም። ገልብጦ መዘናት፤ ልክ ነበረች። ምንም ሳይል መልሶ ሞላት።

ሰው ይህን የሚያደርገው ገንዘብ ለመቆጠብ ነው ይባላል። ቀለሃ ደጋግሞ ስለሚያገለግል እውነትነት አለው። እኔ ግን ዛሬ ያየሁት ማንም የማያቋርጠው ሰው ነው። ቀናሁበት፣ አልዋሽም።